ሰባቱ አንዶች

ባለፈው ሐምሌ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ዝናብ የጠገበ ባና ተከናንበው ነበር። ብርዱ ስለከፋ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ሙቀት ሲደርስበት ከባናው የበግ ጠጉር፣ የጭስና የእርጥብ ሣር ሽታ ወጥቶ መኪናውን ሞላው። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ "ኧረ አባባ፣ ከነበጉ ነው እንዴ የለበሱት?" አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ። እኔ መስኮት ይከፈት ካሉት ጋር አልተባበርኩም። ያን ሽታ በልጅነቴ አንድ ክረምት ሙሉ ስተነፍሰው ኖሬአለሁ። በመጣ ቁጥር ብቻውን አይመጣም፤ አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድ የሚባል ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው።

አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ስድስተኛ ልገባ የነበርኩበት ክረምት ነው። እናቴ ወንድሜን ልትወልድ ተቃርባለች፤ አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበረ ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። የእናቴ አክስት እትዬ አስካለ ከአንኮበር ደውላ "ደምሰውን ስትሮክ መታብኝ። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አጥቻለሁና ትርሲትን ለክረምቱ ላኩልኝ" አለች። ለእናቴ እፎይታ ሆነላት፤ በማግስቱ ሚኒባስ ላይ አሳፈረችኝ።

ስትሮክ የሰው ስም መስሎኝ ነበር። በስሙ ፈረንጅ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ገመትኩ። ጋሽ ደምሰውን የሚያህል የተከበረ ሰው ምን አድርጎት መታው? ከመታውስ በኋላ ለምን አልታሰረም? መንገዱን ሁሉ ይህንን ሳስብ ቆይቼ አንኮበር ስደርስ ሰውዬው አሁንም እዚያው ሰፈር ይኖር ይሆን ብዬ ፈራሁ። ማንንም ግን አልጠየቅኩም። ትልልቆቹ ስለ ስትሮክ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ስለሚያደርጉ ነገሩ የሚያሳፍር ነገር መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ደምሰው የእትዬ አስካለ ባል ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ደነባም ጫጫም ሠርተው፣ በመጨረሻ አንኮበር ላይ ጡረታ ወጡ። ከዚያ በፊት ያየኋቸው አንድ ሠርግ ላይ ብቻ ነው። ረጅም ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸው ከድንኳኑ ማዶ ይሰማ ነበር። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል "ሰባት ጊዜ ስምንት?" አሉኝ፤ ቀና ሳልል "ሃምሳ ስድስት" አልኳቸው። በቃ፣ ሌላ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

አሁን በሩ ጥግ ባለች አልጋ ላይ ባና ተደርቦላቸው ተኝተዋል። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አይታዘዛቸውም። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል። ንግግራቸው ጠፍቶ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸዋል።

"ውሃ ልስጥህ?" ትላቸዋለች እትዬ አስካለ።

"ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።"

"ብርድ ያዘህ?"

"ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።"

አንዳንድ ጊዜ በለሆሳስ ነው የሚሉት። አንዳንድ ጊዜ እንደ ስድብ ይጮሁበታል። አንድ ቀን እያለቀሱ ሲሉት ሰማኋቸው፤ ያን ቀን ውጭ ወጥቼ ቆየሁ።

የእኔ ሥራ አጠገባቸው መቀመጥ ነው። አጥሚት በማንኪያ አጠጣለሁ፣ አገጫቸውን እጠርጋለሁ፣ ባናው ሲንሸራተት እመልሳለሁ፣ ለመነሳት ከታገሉ እጣራለሁ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ጉሙ ሰተት ብሎ ይገባና ባናውን ያረጥበዋል፤ ማታ ምድጃው ሲነድድ ይደርቃል። ሽታው ከዚያ ነው የመጣው። እትዬ አስካለ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ቤቱ ውስጥ ያልተፈተለ ጠጉር ያልነካው ነገር አልነበረም፤ አጥሚቱ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ጉሙ የተገፈፈ ቀን ከደጃፉ ሆኜ ቁልቁል ሳይ፣ እኛ በብርድ ስንንቀጠቀጥ ታች ቆላው ፀሐይ ይሞቃል። ይህ አድልዎ ይመስለኝ ነበር።

ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ምን እንደሆነ ሁሉም የየራሱን ይገምታል። እትዬ አስካለ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የተኙበት የአልጋ ቁጥር ነው ብላ ነበር። ልጇ መስፍን ከአዲስ አበባ ሲደውል "እማዬ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረው እኮ ጥቂት አልጋ ነው" አላት። የንስሐ አባታቸው ፀበል ሊረጩ ሲመጡ ነገሩን አሰቡበት።

"ዳዊት ይደገምልኝ ማለቱ ይሆናል" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ዳዊት ግን መቶ ሃምሳ ነው፤ አይደርስም" አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ። "አንዴ ከተደገመ በኋላ በሁለተኛው ሰማንያ ዘጠነኛው ላይ እንቁም ማለቱ ይሆን እንዴ?"

ሰማንያ ዘጠነኛውን መዝሙር ቆመው አነበቡላቸው። ጋሽ ደምሰው በአክብሮት አዳመጡ። ሲያልቅ አባን ትክ ብለው አዩና "ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ" አሉ።

የእኔ ግምት ከሁሉም የተሻለ ይመስለኝ ነበር፤ የስትሮክ የቤት ቁጥር ነው። የመታቸውን ሰው አድራሻ እየነገሩን ማንም አልሰማ አላቸው። እንቁላል እንድገዛ ሱቅ በተላክሁ ቁጥር የሰዉን በር ቆርቆሮ ቁጥር እያነበብኩ አልፋለሁ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንትን አግኝቼ ቀጣዩን በር ለማየት ድፍረት አጥቼ ሮጬ ተመለስኩ።

ከአልጋው ሥር ከማስተማር ዘመናቸው የተረፈ የጠመኔ ካርቶን ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ጠመኔ አውጥቼ በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እጫወታለሁ። በሩ ሲከፈት አልጋውን ተጠግቶ ስለሚቆም ጥሩ ሰሌዳ ነው። አንድ ቀን ጋሽ ደምሰው ግራ እጃቸውን ዘርግተው ጠመኔውን ከእጄ ነጠቁኝ። ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ በጣም እየተንቀጠቀጡ፣ በሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ላብ በላብ ሆነው ሰባት መስመር ጎን ለጎን ካቆሙ በኋላ ትራሳቸው ላይ ወደቁ።

እትዬ አስካለ እንዝርቷን እንደያዘች መጥታ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

"ሰባት ቀን ቀረኝ ነው የሚለኝ" አለች።

ኔትወርክ የሚገኝበት ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥታ ለመስፍን ደወለች። ስትጮህ እታች ድረስ ይሰማኝ ነበር። መስፍን አባቱን አዲስ አበባ ሊወስድ እንደሚፈልግ፣ እዚያ እጅና እግራቸውን የሚያሠሩ ባለሙያዎች እንዳሉ ነገራት መሰለኝ፤ እሷ "ከዚህ ንቅንቅ አይልም! እኔ ነኝ የማውቀው! መቀበሪያውን ትቶ የት ይሄዳል?" ስትል ሰማሁ። በመጨረሻ መስፍን ከሥራ ፈቃድ ሲያገኝ ጳጉሜ ላይ ሊመጣ ተስማሙ።

እነዚያን ቀኖች እኔ ከአልጋው አልተለየሁም። ሰው ሲሞት ምን እንደሚመስል ስለማላውቅ፣ ጋሽ ደምሰው ዓይናቸውን በጨፈኑ ቁጥር አፍንጫቸው ሥር ጣቴን አስጠጋለሁ። ሰባተኛው ቀን መጣ። አጥሚታቸውን ጠጥተው፣ አንድ ጊዜ አስነጥሰው ተኙ። በስምንተኛው ቀን እትዬ አስካለ ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ይልቁን ፊቷ ጠቆረ።

"በቃ አእምሮው ሄዷል" አለች። "ምን እንደሚያደርግም አያውቀውም።"

ከዚያ ወዲያ ለእሳቸው መናገር ተወች። ስለ እሳቸው ግን ታወራለች፤ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ፣ ለሚመጣው ጠያቂ ሁሉ፣ እየፈተለች። "ደምሰው ገንፎ ይወድ ነበር" ትላለች። "ደምሰው ቁጡ ነበር፤ ልቡ ግን ንጹሕ ነበር።" አንድ ቀን ለጎረቤታችን "እንዲህ ሆኖ ከሚቆይ እግዚአብሔር ቢያሳርፈው ይሻላል" አለቻት። ጋሽ ደምሰው ከጎኗ ጣሪያውን እያዩ ነው። እኔ "ነበር" የሚለው ቃል አስቸገረኝ፤ ሰውዬው እዚሁ ተኝተው እንዴት "ነበር" ይባላሉ? ነገር ግን ትልልቅ ሰዎች ሰዋስው ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ ብዬ ተውኩት።

ነሐሴ ላይ ለጤና ጣቢያው አዲስ ነርስ ተዛውራ መጣች። ሲስተር ሙሉነሽ ትባላለች፤ ልጅነቷን ጫጫ ያሳለፈች ሴት ናት። የጋሽ ደምሰውን ደም ግፊት ልትለካ ጭቃ በጭቃ ሆና ስትገባ እትዬ አስካለ ጓሮ ድንች ትቆፍር ነበር። ሲስተር ጫማዋን አውልቃ ቀና ስትል በሩ ላይ ያሉትን መስመሮች አየች። ማንም አልደመሰሳቸውም ነበር።

"ይህን ማን ነው የጻፈው?"

"እሳቸው ናቸው" አልኳት። "ሰባት ቀን ቀረኝ ብለው ነው። ግን አልሞቱም።"

ዘወር ብላ ጋሽ ደምሰውን አየቻቸው። ፂማቸው አድጎ፣ ከስተው ስለነበር እስከዚያ አላወቀቻቸውም። "ጋሼ!" አለችና ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን ጠረገች።

"ይህ ቀን አይደለም የኔ ቆንጆ" አለችኝ። "ይህ ቁጥር ነው። ሰባት ጊዜ አንድ የተጻፈበት። አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድ። በየዓመቱ ትምህርት በተከፈተ ቀን ሰሌዳው ላይ ይጽፉትና 'ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም?' ይሉን ነበር።"

"ቁጥር ብቸኛ ይሆናል እንዴ? ዘመድ የሌለው ማለት ነው?"

"እንደዚያ በይው። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር ከሌለ ብቸኛ ይባላል። አምስት ብቸኛ ነው። ስድስት አይደለም፤ ሁለትና ሦስት አሉት።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እኛ በሁለት አካፈልነው፤ አንድ ቀረ። በሦስት፣ አንድ ቀረ። በአምስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስት፤ ሁልጊዜ አንድ ብቻ ይቀራል። አንዷ አልለቅም ትላለች። በአሥራ ሰባት ስናካፍለው ደግሞ ስምንት ቀረና ይባስ ተስፋ ቆረጥን። 'ጋሼ፣ ብቸኛ ነው' አልናቸው። እሳቸው 'አይደለም! አካፋይ አለው። ያገኘው ይምጣና ይንገረኝ፤ እኔ አልነግራችሁም' አሉ። ማንም አላገኘውም። ከኔ በፊት የነበሩትም፣ ከኔ በኋላ የመጡትም እንዳላገኙት ነው የሰማሁት።"

"ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ" አሉ ጋሽ ደምሰው።

ሲስተር ሙሉነሽ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች።

"ምን አሉ?"

"ሁልጊዜ እሱን ነው የሚሉት" አልኳት። "የስትሮክ የቤት ቁጥር ነው።"

የመጨረሻውን አልሰማችኝም መሰለኝ። ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ጋሽ ደምሰው ግን ከጉሮሯቸው እንደ ማጓራት ያለ ድምፅ አውጥተው ግራ እጃቸውን ወደ ስልኩ ወረወሩ። ሲስተር ሳቀችና መልሳ ከተተችው። "እሺ ጋሼ፣ እሺ። በእጅ ይሠራል።" ጠመኔውን ለእኔ ሰጠችኝ። "ማካፈል ታውቂያለሽ?"

"በሁለት አሃዝ ነው የተማርኩት።"

"ሦስትም ያው ነው።"

ከሰባቱ መስመሮች ሥር ጀመርኩ። በአንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድ ውስጥ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ አራት ጊዜ ይገኛል። ስቀንስ መቶ ሃምሳ አምስት ቀረ፤ ቀጣዩን አንድ አወረድኩ። አሁን ስድስት ጊዜ። ቀንሼ ሌላውን አንድ አወረድኩ። ጠመኔው እርጥብ ስለነበር እንጨቱ ላይ ይንሸራተታል። የጋሽ ደምሰውን ትንፋሽ አንገቴ ሥር እሰማዋለሁ። የመጨረሻውን አንድ አውርጄ ጨረስኩና ያገኘሁትን አየሁት።

"አይሆንም" አልኩ። "አርባ አራት ቀረ።"

ሲስተር ሙሉነሽ ጠጋ ብላ አየች። ፊቷ ቅጭም አለ። ያኔ እትዬ አስካለ ድንቹን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ገባች፤ ነገሩን ባጭሩ ነገርናት።

"አትድከሙ ልጆቼ" አለች። "ተውት። የሚለውን አያውቀውም።"

ጋሽ ደምሰው በሩን በቡጢ መቱት። ደንግጬ ዘለልኩ። እንደገና መቱት። ከዚያ ግራ እጃቸው ተዘረጋ፤ አንድ ጣት በጻፍኩት ላይ ቁልቁል ወርዶ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ። አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ አራት ብዬ በጻፍኩት ላይ፣ ሁለቷ ላይ። ጣታቸውን እዚያው ተክለው እኔን አዩኝ። ሠርጉ ላይ ሰባት ጊዜ ስምንት ብለው ሲጠይቁኝ ያዩኝ አስተያየት ነው።

ስድስት ጊዜ ዘጠኝ ሃምሳ አራት። አራቱን ጽፌ አምስት መያዝ ነበረብኝ፤ የያዝኩት ግን አራት ነው። ስድስት ጊዜ ሦስት አሥራ ስምንት፣ አምስት ሲጨመር ሃያ ሦስት። ሃያ አራት ሳይሆን ሠላሳ አራት። በመዳፌ ደምስሼ እንደገና ሠራሁት። መቶ አሥራ ሰባት ቀረ፤ አንድ አወረድኩ። አራት ጊዜ። ሁለት መቶ አሥራ አምስት ቀረ፤ የመጨረሻውን አንድ አወረድኩ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ አንድ። ዘጠኝ ጊዜ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ስንት እንደሆነ ጎን ላይ አባዛሁ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ አንድ።

"አራት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ" ብዬ መልሱን አነበብኩ።

"ቀሪ?" አለ ከኋላዬ አንድ የጎረነነ ድምፅ።

ሲስተር ሙሉነሽ የጠየቀችኝ መስሎኝ ነበር። ስዞር እሷ አፏን በእጇ ይዛለች። የጠየቁት ጋሽ ደምሰው ናቸው።

"ዜሮ" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባ ወርዶ ወደ ጆሯቸው ገባ፤ ጠረግኩላቸው፤ ሥራዬ ስለሆነ።

እትዬ አስካለ ድንቹን ለቀቀችው፤ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሲስተር ስትሮክ ምን እንደሆነ ያስረዳቻት ያኔ ነው፤ እኔም አብሬ ተረዳሁ። በሽታው ቃሉን ነው የወሰደባቸው፤ ሐሳባቸው ግን እዚያው አለ፤ አፋቸው ለሌላ ቃል አልታዘዝ ስላላቸው እንጂ የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ አለች።

"ሁሉን?" አለች እትዬ አስካለ።

"ሁሉን እትዬ።"

እትዬ አስካለ ወደ አልጋው ዞረች። "ያልኩትን ሁሉ ሰምተሃል?"

"ሁለት መቶ..." ብለው ጀመሩና ራሳቸው ተናደው አቋረጡት። ሲስተር ጠመኔውን በግራ እጃቸው አስያዘቻቸው። "ጋሼ፣ አዎ ከሆነ አንድ መስመር ያስምሩ፤ አይደለም ከሆነ ሁለት።"

አንድ መስመር አሰመሩ።

እትዬ አስካለ ወደ ውጭ ወጣች። ጉሙ ወርዶ ስለነበር ወዴት እንደሄደች አይታይም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ በእጇ ግን ሙቅ ውሃና ምላጭ ይዛለች። የባሏን ፂም ላጨች። አንገታቸው ሥር ስትደርስ፣ ቀና ሳትል "ገንፎ ትበላለህ?" አለቻቸው። አንድ መስመር።

ከዚያ በኋላ ያለው የክረምቱ ክፍል ደስ የሚል ነበር። ቤቱ በጠመኔ ተሞላ። ጋሽ ደምሰው ሰባቱን አንዶች በእነዚያው በሰባቱ አንዶች እንዳባዛ በጣታቸው አዘዙኝ። እያንዳንዱን ረድፍ አንድ ቤት ወደ ግራ እየገፋሁ ሰባት ረድፍ ደረደርኩ፤ ስደምረው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ብሎ ወጥቶ እንደገና ስድስት፣ አምስት፣ አራት እያለ እስከ አንድ ወረደ። ጉድ ነው ብዬ ጮህኩ። እትዬ አስካለ ሮጣ መጥታ አየችውና "ያምራል፤ እንደ ጥልፍ" አለች። አራት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝን ደግሞ ለማካፈል ስንት ቀን ለፋሁ። ባገኘሁት ቁጥር ሁሉ ሞከርኩ። እሳቸው ዝም ብለው እየሳቁ ያዩኝ ነበር፤ በአንዱ ጎን የሚስቁት ሳቅ ነው። በመጨረሻ "እሱ ግን ብቸኛ ነው?" ስላቸው አንድ መስመር አሰመሩልኝ። አንዳንድ ቃልም ይመጣላቸው ጀመር። "ዜሮ" አሉ። "ውሃ" አሉ። "በቃ" የሚለውን አንዴ ካገኙት በኋላ አለመጠን ይጠቀሙበት ነበር።

ጳጉሜ ላይ መስፍን መኪና ከነሾፌሩ ተከራይቶ መጣ። አባቱን ሲያይ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ግንባራቸውን ሳመ። ሲስተር ሙሉነሽም መጥታ ነበር። ምሳ ከተበላ በኋላ ሁሉም የሚፈራው ጥያቄ መጣ። እትዬ አስካለ በልቧ እርግጠኛ ነች። መስፍንም በልቡ እርግጠኛ ነው።

"አባዬ" አለ መስፍን ተንበርክኮ፣ "አዲስ አበባ ትሄዳለህ?"

ጋሽ ደምሰው ጠመኔውን ያዙ። ሁለት መስመር አሰመሩ።

"ይኸው!" አለች እትዬ አስካለ። "አላልኩህም? ከዚህ ንቅንቅ አይልም።"

መስፍን አንገቱን ደፋ። ጋሽ ደምሰው ግን በሩን እየደበደቡ "በቃ! በቃ!" አሉ፤ ጠመኔው ተሰበረ። በስባሪው እንደገና ሁለት መስመር አሰመሩ፤ ጣታቸውን ወደ ደረታቸው፣ ከዚያ ወደ እትዬ አስካለ ጠቆሙ።

"ገባኝ እኮ" አለች እሷ። "እኔና አንተ እዚሁ እንቀራለን ነው የምትለው። አትጩህ።"

እኔም እንደዚያ ነው የገባኝ። ሲስተር ሙሉነሽ ግን አልጣማትም። "ጋሼ፣ እነዚህ ሁለት መስመሮች አይደለም ማለት ናቸው?" አለቻቸው።

ሁለት መስመር።

ሁላችንንም ግራ ገባን። መስፍን "እንዴ?" አለ። ሲስተር በሩን በእርጥብ ጨርቅ ሙልጭ አድርጋ ጠረገችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ "ሁለት ሰው ማለት ነው? እርስዎና እትዬ፣ ሁለታችሁ ትሄዳላችሁ?" አለች።

አንድ መስመር። ረጅም፣ ከበሩ ወገብ እስከ ታች።

እትዬ አስካለ ሳቅም ንዴትም የሚመስል ድምፅ አወጣች። "እኔ? እኔ ደግሞ የት ነው የምሄደው? በጎቹስ? ድንቹ ሳይወጣ?"

"እማዬ ካልሄደች ብቻህን ትሄዳለህ?" አለ መስፍን።

ሁለት መስመር።

"በእኔ ታሳብባለህ!" አለቻቸው እትዬ አስካለ። "ደነባ አልክ፣ ተከተልኩህ። ጫጫ አልክ፣ ተከተልኩህ። እዚህ ስንደርስ ይኸው የመጨረሻችን ነው አልከኝ። አሁን በስተርጅና፣ ሰው በማላውቅበት፣ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ምን ልሠራ ነው?"

ጋሽ ደምሰው መልስ ፈለጉ። ሲፈልጉ ይታያል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፣ አፋቸው ተከፍቶ ተዘጋ። በመጨረሻ የመጣላቸው ያው አሮጌው ነው። "ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ" አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የማይታዘዛቸው ቀኝ እጃቸው ከባናው ውጭ ወድቆ ቀርቷል።

እትዬ አስካለ ያን እጅ ለረጅም ጊዜ አየችው። አንስታ ባናው ውስጥ መለሰችው። "እሺ፣ አትድከም" ብቻ አለች። ያ እሺ ምን ማለት እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅናትም።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ በጎቹን እየነዳች ወደ ጎረቤት ስትሄድ አየኋት። ባዶ እጇን ተመለሰች። ቀኑን ሙሉ የበግ ጠጉሩንና እንዝርቷን በጆንያ ስትከት ዋለች፤ መስፍን "እማዬ፣ ይሄን እንኳን ተዪው" ሲላት "አንተን ጠይቄሃለሁ?" አለችው።

የሄዱ ዕለት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጋሽ ደምሰውን መስፍንና ሾፌሩ ተሸክመው ከኋላ አስቀመጧቸው፤ መስፍን እንዳይወድቁ ደግፎ አጠገባቸው ገባ። እትዬ አስካለ ጎረቤቱን ሁሉ ስማ፣ አልቅሳ፣ እኔን "ለእናትሽ ንገሪያት፤ ጠፋች እንዳትለኝ" ብላ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሳ። እኔና በኋላ በሚኒባስ ወደ እናቴ ልታሳፍረኝ የነበረችው ሲስተር ሙሉነሽ እጃችንን ማውለብለብ ጀመርን።

"አስካለ!"

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ሁላችንም ደንግጠን ወደ ኋላው መስኮት ዞርን። ከታመሙ ወዲህ ስሟን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ደምሰው በግራ እጃቸው ወደ ቤቱ ይጠቁማሉ፤ ከንፈራቸው ይታገላል።

"አስካለ... ቁልፍ።"

ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቶ ቀርቶ ነበር።

እትዬ አስካለ ወረደች። ቁልፉን ከበሩ ነቅላ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። ወደ መኪናው ስትመለስ ሳቅ ይታገላታል፤ እንባም ይታገላታል።

"ክረምቱን ሙሉ ዘግተኸኝ ከርመህ፣ አፍህ የተፈታው ለቁልፍ ነው?" አለቻቸው በመስኮቱ በኩል።

 መልሱን አልጠበቀችም። የኋላውን በር ከፍታ መስፍንን በክርኗ ገፋ አደረገችው።

"ተነስ፣ ፊት ሂድ" አለችው። "እዚህ የምቀመጠው እኔ ነኝ።"